«እሺ» ያለው ለማን ነው? ስለ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የሬዲዮ አለመግባባት

የሐረጎ ሹፌር (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ አውሮፕላን ነው፤ የሚነሣው ግን ከጭነት መኪና ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ባለፈው ሰኔ እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን በር ላይ ኢሱዙዬን ወደ ኋላ አስገባ ነበር። ያካፋል፤ የጎን መስተዋቴ ላብ ለብሷል። ረዳቴ ከኋላ ቆሞ ይመራኛል። ደንባችን የታወቀ ነው፤ ካሮሳውን አንዴ ከመታ «ቁም»፣ ሁለቴ ከመታ «ና» ማለት ነው። የዚያን ዕለት ግን ጃንጥላ ስለያዘ በአፉ ነበር የሚመራኝ። «ቆይ» አለኝ፤ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ጮክ ብሎ «እሺ!» ሲል ሰማሁት። ፍሬን ለቀቅኩ።

ለካስ «እሺ» ያለው ለእኔ አልነበረም። የመጋዘኑ ጥበቃ «ይህን ጋሪ ከመንገድ አንሣልኝ» ብሎት ለእሱ መመለሱ ነው። ጋሪው ሦስት ከረጢት ዱቄት እንደያዘ ጎማ ሥር ገባ። ጥበቃው ዘሎ ተረፈ፤ ሱሪው ብቻ እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። ረዳቴ ጃንጥላውን ሳያወርድ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እሺ ያልኩት ለእሱ ነው» ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን በቤቴ በላይ ዝቅ ብሎ በተራሮቹ መካከል ሲወርድ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። እኔና ረዳቴ በስምንት ሜትር ርቀት፣ በአንድ ቋንቋ፣ ለስድስት ዓመት አብረን ሠርተን ሳንግባባ ቀረን። እነዚያ ደግሞ አይተያዩም፣ አይተዋወቁም፣ የሚነጋገሩት በሬዲዮ፣ ያውም በሰው ቋንቋ ነው። በየቀኑ የማይጋጩት እንዴት ሆኖ ነው? እነሱስ እሺ ይባባላሉ?

ከማማው የወረድኩ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ማታ 4፡05

ወንድሜ፣ ጥበቃው እንኳን ተረፈ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አሁን ሥራዬ ጉም ጦሳን ሲያለብሰው እያየሁ ቡና መጠጣት ነው። አንተ የነገርከን ታሪክ በእኛ ሙያ ስም አለው፤ ቴነሪፌ ይባላል።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 27 ቀን 1977 ነው። በስፔኗ ደሴት በቴነሪፌ፣ ሎስ ሮዴኦስ በሚባል አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 ነበሩ፤ አንዱ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው የፓን አም። ሁለቱም ወደዚያ የመጡት ወድደው አልነበረም፤ ሊያርፉበት የነበረው የጎረቤት ደሴት ጣቢያ ቦምብ ፈንድቶበት ተዘግቶ ነው። ጉም ወረደ። ተቆጣጣሪው መንደርደሪያውን አያይም፤ አውሮፕላኖቹም አይተያዩም፤ መሬት ላይ ያለውን የሚያሳይ ራዳር የለም። ኬኤልኤም ከመንደርደሪያው ጫፍ ዞሮ ቆሟል። ፓን አም በዚያው መንደርደሪያ ላይ ፊት ለፊቱ እየመጣ መውጫ ይፈልጋል።

ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤም ከተነሣ በኋላ የሚሄድበትን መስመር ነገረው። ይህ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም፤ የመስመር ፈቃድ ነው። «ከተነሣህ በኋላ» የሚል ቃል ግን በውስጡ ነበር። ረዳት አብራሪው የሰማውን መልሶ ካነበበ በኋላ ከራሱ «አሁን በመነሣት ላይ ነን» ብሎ ጨመረ። ዋናው አብራሪ በዚህ ጊዜ ፍሬን ለቋል። ተቆጣጣሪው ደግሞ «ለመነሣት ተዘጋጅተን ቆመናል» ያለው መሰለው። ምን ብሎ መለሰ? «ኦኬ።» ያንተው እሺ! ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ «ለመነሣት ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» አለ። ይህን ሲል ፓን አም ደንግጦ «እኛ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» ብሎ ተናገረ። ሁለቱ ንግግሮች ተደራረቡ። በኬኤልኤም አብራሪዎች ጆሮ የገባው ያ «ኦኬ» ነው፤ የቀረው ፉጨት ሆነ።

583 ሰው ሞተ። 61 ሰው ተረፈ፤ ሁሉም ከፓን አም።

አብራሪና ተቆጣጣሪ እሺ ይባባላሉ ወይ ላልከው፣ እንዳይባባሉ ነው የምናስተምረው። መመሪያ የተቀበለ አብራሪ ዋና ዋናውን ነገር መልሶ ይናገራል፤ ከፍታውን፣ አቅጣጫውን፣ የመንደርደሪያውን ቁጥር፣ ከዚያም የራሱን መጠሪያ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ሲመለስለት ማድመጥ አለበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሰው ራሱ የተናገረውን ሲመልሱለት የሚሰማው የሚጠብቀውን ነው። «ቴክኦፍ» የሚለው ቃልም ከዚያ አደጋ በኋላ ተቆልፎበታል፤ ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር አይነገርም። በሌላ ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ነው የምንለው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ማታ 4፡50

ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ነገሩን ሁሉ በአንድ «ኦኬ» ላይ ጫኑት። እኔ እንዳነበብኩት የኬኤልኤሙ ዋና አብራሪ ቸኩሎ ነበር፤ የሥራ ሰዓታቸው ሊያልቅ ስለተቃረበ እዚያው እንዳያድሩ ፈርቷል። ፈቃድ ሳይሰጠው ተንደረደረ። ታዲያ ይህ የሬዲዮ ጥፋት ነው ወይስ የሰው?

ከማማው የወረድኩ፣ ማክሰኞ ማታ 5፡20

ግማሽ እውነት ይዘሃል። ሌላውን ግማሽ ልስጥህ። አውሮፕላኑ እየተንደረደረ ሳለ ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ የፓን አምን ድምፅ ሰምቶ «ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። ዋናው አብራሪ «ወጥቷል እንጂ» አለው፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ዋናው አብራሪ ግን በድርጅቱ ውስጥ ስመ ጥር አሠልጣኝ ነበር፤ እሱን ሁለተኛ መጠየቅ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ቸኩሎ ነበር፣ ተከብሮም ነበር፣ ጉምም ነበር። ያም ሆኖ «ኦኬ» ባይባል ኖሮ መሐንዲሱ የሚጠይቀው ነገር የበለጠ ጉልበት ይኖረው ነበር እላለሁ።

የአይጠየፏ መምህርት (ደሴ)፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡15

እንደምን አደራችሁ። ቋንቋ አስተማሪ ነኝ፤ በዚህ አላልፍም።

«በመነሣት ላይ ነን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለእኛ ሰው እንግዳ ነው? እዚሁ ደሴ ቀጠሮ ያላችሁን ሰው ደውሉለትና «የት ደረስክ?» በሉት። «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። መንገድ ላይ ያለ ሰው ፒያሳን አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧ ውሃ እቤቱ ሆኖ ፊቱን እየታጠበ ሊሆንም ይችላል። አድማጩ የሚተረጉመው እንደ ምኞቱ ነው። የቸኮለው «ደርሷል» ይላል፤ የሚያውቀው ገና ጀበና ይጥዳል።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። ተማሪዎቼን በስልክ ቁጥር ሳጽፋቸው «ሃያ፣ አራት» ስል ግማሾቹ 24፣ ግማሾቹ 20 እና 4 ይጽፋሉ። «ስልሳ» እና «ሰባ» በደከመ መስመር ላይ አንድ ናቸው። አብራሪዎች ይህን እንዴት ተወጡት?

ከማማው የወረድኩ፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡30

እትዬ መምህርት፣ ከፍለው ነው የተወጡት። እ.ኤ.አ. በ1989 ኩዋላ ላምፑር አቅራቢያ አንድ የዕቃ ማመላለሻ 747 ወደ 2,400 ጫማ ዝቅ እንዲል ተነገረው። ተቆጣጣሪው ያለው «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» ነው። «ቱ» በእንግሊዝኛ ሁለትም ነው፣ «ወደ» የሚል ትርጉምም አለው። አብራሪዎቹ «ወደ 400» ብለው ሰሙ፤ «ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብለውም መለሱ። የመለሱት ስሕተት መሆኑን ማንም አላረመም። ኮረብታ መቱ፤ አራቱም የአውሮፕላኑ ሰዎች ሞቱ። የመለሰ ነበር፣ ያደመጠ ግን አልነበረም። ትናንት «ሁለተኛው ይከብዳል» ያልኩት ይህንን ነው።

ስለዚህ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠራል፤ አጠራሩም ሆን ተብሎ የተጣመመ ነው። ሦስትን «ትሪ»፣ አምስትን «ፋይፍ»፣ ዘጠኝን «ናይነር» እንላለን። «ፋይቭ» እና «ናይን» በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ላይ መንትዮች ስለሆኑ ነው። ጀማሪ ሆኜ «ናይነር» ስል ያሳፍረኝ ነበር፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ የሚሰማኝ እየመሰለኝ።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)፣ ረቡዕ ቀን 6፡10

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ የሚበርረው አብራሪም ኢትዮጵያዊ፣ ተቆጣጣሪውም ኢትዮጵያዊ ከሆነ በአማርኛ ቢነጋገሩ ምን ይጎድላቸዋል? አለመግባባት የሚመጣው ከእንግሊዝኛው ከሆነ እንተወዋ!

ቦርከና፣ ረቡዕ ቀን 6፡25

እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር። እሺ ይበልጣል ከሺህ፤ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ደግሞ…

ከማማው የወረድኩ፣ ረቡዕ ቀን 8፡40

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁም ስንከራከርበት የኖርነው ነው።

መጀመሪያ ሬዲዮው ስልክ አለመሆኑን ያዝልኝ። ስልክ የሁለት ሰው ነው። በአንድ ሞገድ ላይ ግን በአካባቢው የሚበርር ሁሉ ይሰማል። የምትናገረው ለአንዱ ነው፤ የሚያደምጥህ ግን አሥር ሊሆን ይችላል። አንዱ «ወደዚህ ከፍታ እየወረድኩ ነው» ሲል ሌላው «እኔ እዚያ ነኝ እኮ» ብሎ ሊነቃ ይችላል። ፓን አም ደንግጦ የተናገረው ኬኤልኤም ለሌላ ሰው ያለውን ሰምቶ ነው።

አሁን ዛግሬብ ላይ የደረሰውን ስማ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1976 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1968፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከለንደን ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ የእንግሊዝ አውሮፕላን በ33,000 ጫማ እየበረረ ነው። አንድ የዩጎዝላቪያ አውሮፕላን ከሥሩ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ተቆጣጣሪው ሥራ በዝቶበታል፣ ብቻውን ነው፤ ግጭቱን ያየው ሲመሽበት ነው። ያን ጊዜ እንግሊዝኛውን ትቶ በአገሩ ቋንቋ ለአገሩ ልጅ «ባለህበት ከፍታ ቆይ» አለው። ያለበት ከፍታ ደግሞ 33,000 ሆኖ ነበር! እንግሊዞቹ በዚያው ሞገድ ላይ ሆነው ድምፁን ሰሙ፤ ቃሉን ግን አልተረዱትም። 176 ሰው፤ አንድም አልተረፈም።

ሰው ሲደነግጥ በእናቱ ቋንቋ ይጮኻል። አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በ2000 ፓሪስም አንዱ አብራሪ የመነሻ ፈቃዱን በፈረንሳይኛ ሲቀበል፣ በእንግሊዝኛ ወደ መንደርደሪያው እንዲገባ የተነገረው ሌላው አውሮፕላን አልገባውም፤ የሚነሣው አውሮፕላን ክንፍ መጥቶ የዚህኛውን ረዳት አብራሪ ገደለው። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ሰማይ ኬንያዊም ግብፃዊም ያልፋል። በአማርኛ ከተነጋገርን እነሱ ደነቆሩ ማለት ነው።

እንግሊዝኛውም ቢሆን እንደ ልብ የሚነገር አይደለም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ አብራሪውም ተቆጣጣሪውም ከስድስት እርከን ቢያንስ አራተኛውን እንዲያልፍ ይጠይቃል። ፈተናው ግን የታወቁትን ሐረጎች መሸምደድ አይደለም። ሞተር ሲቃጠል፣ መንገደኛ ሲታመም፣ ሐረግ የሌለው ነገር ሲመጣ መናገር መቻል ነው።

የሐረጎ ሹፌር፣ ረቡዕ ማታ 1፡30

እርስዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱ ሲደራረቡ ለምን ፉጨት ይሆናል? የእኛ ስልክ ሁለት ሰው ሲናገርበት ሁለቱም ይሰማል እኮ።

ከማማው የወረድኩ፣ ረቡዕ ማታ 1፡50

በድሮው ሬዲዮ ሌሊት ጣቢያ ስትፈልግ ሁለት ጣቢያ ሲጋጩ «ዊይይ» የሚለውን ታስታውሳለህ? ያ ነው። የአውሮፕላን ንግግር ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ላይ ነው፤ አሠራሩም የጥንቱ ኤ.ኤም. ነው። ዘመናዊው ኤፍ.ኤም. ለምን አልሆነም ካልክ፣ በኤፍ.ኤም. ብርቱው ደካማውን ሳያሰማ ይውጠዋል። በዚህኛው ቢያንስ ፉጨቱ «ሌላ ሰው ተናግሮ ነበር» ይልሃል። ማድመጥ ለፈለገ።

ነርስ ነኝ (ደሴ)፣ ረቡዕ ማታ 3፡10

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሌሊት ሐኪም በስልክ መድኃኒት ሲያዝ መጠኑን በእንግሊዝኛ ይናገራል። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ 15 እና 50 ናቸው። አንድ ሌሊት 50 ብዬ ጻፍኩ። ልቤ ግን አልረጋም፤ ለዚህ በሽተኛ በዝቷል። መልሼ ደወልኩ። ከእንቅልፉ የነቃው ሰው «አንዴ ነገርኩሽ!» ብሎ ተቆጣ። «በአማርኛ ይድገሙልኝ» አልኩት። «አሥራ አምስት» አለኝ። በአማርኛ አሥራ አምስትና ሃምሳ አይገናኙም።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ሰርዤ የጻፍኩት። ካርዱ ላይ የሰረዝኩት 50 አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የምጠይቀው ይህን ነው፤ አብራሪ አያፍርም? በሬዲዮ ሁሉም እየሰማው «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት አይከብደውም?

ከማማው የወረድኩ፣ ረቡዕ ማታ 4፡00

ልጄ፣ በጣም ይከብደዋል። ያኮራሽ ነገር ነው የሠራሽው።

በጥር 1982 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 25 ቀን 1990፣ አቪያንካ 52 የተባለ የኮሎምቢያ ቦይንግ 707 ኒው ዮርክ ደረሰ። አየሩ ክፉ ነበር። በሦስት ቦታ በድምሩ አንድ ሰዓት ከ17 ደቂቃ አየር ላይ እንዲዞር ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነው። ረዳት አብራሪው «ቅድሚያ እንፈልጋለን» አለ። «አደጋ ላይ ነን» የሚለውን ቃል ግን አላወጣውም፤ የአደጋ ጥሪ የሆነውን «ሜይዴይ»ንም አላለም። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ አልሆነላቸውም። ዋናው አብራሪ «አደጋ ላይ ነን በላቸው» ይለዋል፤ እሱ የታዘዘውን አቅጣጫ መልሶ ካነበበ በኋላ በመጨረሻ ላይ «ነዳጅም እያለቀብን ነው» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ያክልበታል። ተቆጣጣሪው ምን አለ?

«ኦኬ።»

ሁለተኛ ሲዞሩ ሞተሮቹ ጠፉ። ከ158 ሰው 73 ሞተ። ነዳጅ ስላልነበረ እሳት አልተነሣም።

የአይጠየፏ መምህርት፣ ረቡዕ ማታ 4፡25

ይህ ሰው የወሎ እንግዳ ነው! ቤታችን የመጣ ሰው ርቦት «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ እኛም ይህን ስለምናውቅ «በሞቴ» ብለን ሦስት ጊዜ እንለምነዋለን። እንግዳውም አስተናጋጁም ጨዋታውን ያውቁታል። ኒው ዮርክ ላይ ያለው አስተናጋጅ ግን አንዴ «ጠግቤያለሁ» ካልከው ሳህኑን ያነሣል። «ቅድሚያ» የሚለው ቃል በአብራሪው ጆሮ ልመና ነበር፤ በተቆጣጣሪው ጆሮ ደግሞ እንደማንኛውም ጥያቄ ነው።

ቦርከና፣ ረቡዕ ማታ 4፡40

በጽሑፍ መልእክት ቢላላኩ ይህ ሁሉ አይቀርም ነበር? አሁን ያለው ቴክኖሎጂ ይህን አያቅተውም።

ከማማው የወረድኩ፣ ረቡዕ ማታ 4፡55

አለ። በተለይ በውቅያኖስ ላይ ይሠሩበታል። ለማረፍ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ግን ማን ጽፎ ማን ያነባል? በጽሑፍ ደግሞ ያ ሦስተኛ አድማጭ የለም።

ዘግይቼ የደረስኩ (ኮምቦልቻ)፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡00

እኔ እንኳን በሬዲዮ በወረቀትም አልተግባባሁም። ቲኬቴ 08፡10 ይላል። በስምንት ሰዓት ከአሥር ብዬ ምሳዬን በልቼ፣ ሻንጣዬን ጭኜ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ጥበቃው አየኝና «እትዬ፣ የጠዋቱ ነው እኮ» አለኝ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ማለታቸው ነበር። አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ደርሶ መንገደኛው ምሳ በልቷል።

ከማማው የወረድኩ፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡20

ይባስ ብዬ ልንገርሽ እመቤት፤ ለአብራሪውና ለተቆጣጣሪው ያ ደቂቃ 05፡10 ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚሠሩት። አንድ አውሮፕላን ሲነሣ በአንቺ ሰዓት 2፡10፣ በቲኬትሽ 08፡10፣ በማማው 05፡10 ነው።

የመድረኩ አስተባባሪ፣ ሐሙስ ቀን 5፡00

ሁለት አስተያየቶች የድርጅትና የሰው ስም ጠቅሰው ስለወቀሱ አንሥቻለሁ። ውይይቱ ይቀጥል።

የሐረጎ ሹፌር፣ ሐሙስ ማታ 2፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ትምህርቱን ልሞክረው ብዬ ለረዳቴ ደወልኩለት። «ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ባቲ መውጫ ጠብቀኝ፤ ሁለቱን ጎማ ሳትረሳ» አልኩት።

«እሺ ጋሼ» አለኝ።

«ምን አልኩህ?»

«እንዴ? እሺ አልኩ እኮ።»

«አውቃለሁ። ምን እንዳልኩህ ድገምልኝ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከኋላው የሆነ ሰው ሲጠራው ይሰማኛል። ከዚያ «ጋሼ፣ ተቆጥተዋል እንዴ?» አለኝ።